የጉና አፈር፤ ድካሙ የላይኛው፣ ጥቅሙ የታችኛው እስከ መቼ?

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ገሳይ በድንቿ የታወቀች ናት። የድንች ወቅት ሲደርስ በመንገዱ ዳርና ዳር በጆንያ የተከመረው ምርት በጭነት መኪና እየተጫነ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ምርት ይመዘናል፤ ዋጋ ይቆረጥለታል፤ ገበሬውም ገንዘቡን ቆጥሮ ይቀበላል። ከዚሁ አገር ሳይመዘንና ዋጋ ሳይቆረጥለት በየክረምቱ የሚወርድ ሌላ ነገርም አለ። እርሱም አፈሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የርብና የጉማራ ወንዞች ደፍርሰው ሲወርዱ የሚታየው ቀለም ከጉና ተራራ፣ ከፋርጣ፣ ከእስቴና ከእብናት ተዳፋት ማሳዎች የታጠበው አፈር ቀለም ነው።

አፈሩ መውረዱ ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ ወሬ አይደለም። አዲሱ ነገር፣ ጉዳዩ የዓለም መንግሥታት ባጸደቁት ውጥን ውስጥ በጊዜ ገደብ ተወስኖ መግባቱ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች በኒውዮርክ ተሰብስበው «ዘላቂ የልማት ግቦች» የተባሉትን 17 ግቦች ማጽደቃቸው ይታወሳል። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ ለልማት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት ይምጣ በሚለው ጥያቄ ላይ የመከረው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተካሄደው በአዲስ አበባ ነበር። የግቦቹ ማብቂያ በፈረንጆች አቆጣጠር 2030 ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር 2022 አልቆ 2023 ዓ.ም. ሲጀምር ማለት ነው።

ከ17ቱ ግቦች ውስጥ የገበሬውን ማሳ በቀጥታ የሚነኩ አሉ። ረሃብን ስለ ማጥፋት የሚናገረው 2ኛው ግብ የአነስተኛ ገበሬዎች ምርታማነትና ገቢ እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። 15ኛው ግብ የመሬት መራቆት እንዲገታ፣ የተራቆተው መሬት እንዲያገግም፣ ተራሮችም ከነተፈጥሮ ሀብታቸው እንዲጠበቁ ይላል። በወረቀት ላይ የሰፈረው ይህን የመሰለ ቢሆንም፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ሊለኩ ከቻሉት ዝርዝር ዓላማዎች መካከል በጊዜያቸው ለመድረስ በሚያስችል ሁኔታ ላይ የሚገኙት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሦስት አንዱ በላይ የሚሆኑት ወይ ቆመዋል፣ ወይ ወደ ኋላ ተመልሰዋል።

ለዚህ መዘግየት የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ የገንዘብ እጥረት፣ የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ጦርነት፣ የአየር ጠባይ መለዋወጥ። ሁሉም እውነት ነው። ይሁን እንጂ በገሳይና በአካባቢዋ ያለው ጥያቄ ከኒውዮርኩ ያነሰ ቢመስልም የሚከብድ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እርከን ሲሠራ በኖረ አገር፣ የተሠራው እርከን ለምን አይቆይም?

420 ኩንታል

በመጀመሪያ ጉዳቱን በሒሳብ ማየት ይጠቅማል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በተለያዩ የኢትዮጵያ ደጋ አካባቢዎች የሚታጠበውን አፈር ሲለካ ቆይቶ ነበር። ከዚያ ልኬት በመነሣት ባለሙያዎች በታረሰ የደጋ መሬት ላይ ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ ወደ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህ 420 ኩንታል ማለት ነው። 20 ኩንታል ገብስ የሚገኝበት አንድ ሄክታር ማሳ በዚያው ዓመት 420 ኩንታል አፈር ይከፍላል ማለት ነው። ገበሬው ለገበያ ከሚያወጣው ጎርፍ የሚያወጣበት ከሃያ እጥፍ ይበልጣል።

በውፍረት ሲታይ ነገሩ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ሄክታር ላይ የአንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አፈር ወደ 120 ኩንታል ስለሚመዝን፣ 420 ኩንታሉ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። በአንድ ክረምት ማንም አያየውም። በሠላሳ ዓመት ግን ከአሥር ሴንቲሜትር ይበልጣል። ማረሻ የሚገባው ምን ያህል እንደሆነ ለገበሬ መንገር አያስፈልግም። አባት ያረሰውን አፈር ልጁ አላገኘውም የሚባለው ተረት ሳይሆን በሜትር የሚለካ ነገር ነው። ይህ ቁጥር የአገር አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ማሳ እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም፤ ሜዳ ላይ ያነሰ ነው፣ በቁልቁለቱ ላይ ደግሞ በጣም ይበልጣል።

ድንቹም የራሱ ድርሻ አለው። ድንች ሲቆፈር አፈሩ ይለቃል፤ ማሳውም ራቁቱን ይቀራል። መደቡ ከላይ ወደ ታች ተስቦ ከተሠራ እያንዳንዱ ፈር የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ መደቡን በተዳፋቱ አግድም ይሠራል፤ ድንቹ ከተነሣ በኋላም መሬቱን ባዶውን አይተወውም። ድንች ለደጋው ሰው የእህል ጎተራ በሚራቆትበት ወር የሚደርስ መድኅን ስለሆነ «ድንች ተዉ» ማለት ቀልድ ነው። እንደ በለጠና ጉደኔ ያሉት በምርምር የወጡ ዝርያዎች ከጥሩ ዘር አያያዝ ጋር ከአነስተኛ መሬት የበለጠ ምርት ስለሚሰጡ፣ ቁልቁለቱን ሳይነኩ ገቢን ከፍ ማድረግ ይቻላል። 2ኛው ግብና 15ኛው ግብ በአንድ ማሳ ላይ ሳይጣሉ የሚገናኙት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

የሃምሳ ዓመት እርከን

የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ በኋላ እንደሆነ ይታወቃል። አዋጁ አንድ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት እንዲይዝ ይደነግግ ነበር። ስሙ ዛሬ ቀበሌ ቢሆንም በደቡብ ጎንደር ብዙ ሰው አሁንም «ገበሬ ማኅበር» ይለዋል። አፈር ጥበቃን በዘመቻ መልክ በገጠሩ ያስፋፋው ይህ ድርጅት ነበር። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከደረሱት ድርቆች በኋላ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ ለሥራው ስንዴና ዘይት እየተከፈለ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር እርከን ተሠርቷል፤ ተራሮች ተከልለዋል፤ ችግኝ ተተክሏል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዕድሜ ባለጠጎች ያስታውሱታል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላና መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ የማኅበር ደን ተመነጠረ፤ የተከለለው ተራራ ለከብት ተለቀቀ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የገበሬው አላዋቂነት ተደርጎ የተነገረበት ወቅት ነበር። ፍርዱ ትክክል አልነበረም። ደኑ የማን እንደሆነ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጥ ያልተነገረው ሰው፣ አዛዡ ሲሄድ ያዘዘው ሥራም አብሮ የሄደ መስሎት ነበር።

መሬቱም ራሱ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች መሬት እንደገና ተሸነሸነ። ነገ ለሌላ በሚሰጥ ማሳ ላይ ዘንድሮ ድንጋይ የሚደረድር የለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ይህ ስጋት በመጠኑ ቀለለ። ደብተሩ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አብሮ መያዙ ደግሞ ሴቶች በእርከን ላይ ስለሚበቅለው ሣርና ዛፍ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ በር ከፍቷል። ይሁንና በብዙ የቀበሌ ስብሰባ እስከ ዛሬ ድረስ የሚናገረው ወንዱ ነው። ከብቱን አጭዶ የሚያበላው ማን እንደሆነ ሲታይ ይህ አሠራር የሚያስኬድ አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀምሮ ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትን፣ ስማዳንና እብናትን አቀፈ፤ የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብም በሕዝባዊ ሥራ እየተሳተፈ ክፍያ ማግኘት ጀመረ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ሕዝቡ ያለ ክፍያ የሚወጣበት የተፋሰስ ሥራ በክልሉ ተስፋፋ። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ተጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ በመንግሥት ተገልጾ ነበር።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሪፖርቱ የሚጻፍበት መንገድ አልተለወጠም። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፤ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፤ ይህን ያህል ሰው ወጣ ይባላል። በሦስተኛው ክረምት ምን ያህሉ ቆመ የሚለው አምድ በቅጹ ላይ የለም፤ ቢኖርም ባዶውን ይላካል። በአንድ ተዳፋት ላይ ሦስት ጊዜ የተሠራ አንድ እርከን በሪፖርት ላይ ሦስት እርከን ሆኖ ይቆጠራል። የዓለሙ ግብ ወደ ኋላ የቀረውም በከፊል በዚሁ ዓይነት ቆጠራ ነው።

እርከኑን የሚያፈርሰው ማነው?

ገበሬው እርከን የሚያፈርሰው በጥላቻ አይደለም፤ ሒሳብ አለው። መሬቱ 20 በመቶ ተዳፋት ነው እንበል። በየአንድ ሜትር የቁመት ልዩነት እርከን ቢሠራ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ይሆናል። እርከኑ ከነቦዩ አንድ ሜትር ቢይዝ ከማሳው አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። አራት ቃዳ ላለው ገበሬ ይህ ወደ አንድ ቃዳ የሚጠጋ መሬት ነው። በዚያ ላይ በሬ ማዞር ይቸግራል፤ በድንጋዩ መካከል አይጥ ይራባል፤ ጥልቅ ባልሆነ መሬት ላይም ውኃ ይተኛል።

ጥቅሙ ደግሞ ቶሎ አይመጣም። በጎጃም በአንጀኒና በሌሎች የምርምር ጣቢያዎች የተገኘው ውጤት እንደሚያሳየው፣ እርከን የሚታጠበውን አፈር በእጅጉ ቢቀንስም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእህሉን ምርት እምብዛም አይጨምርም። በአንጀኒ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የተሠሩት እርከኖች አፈር እየያዙ ቀስ በቀስ ማሳውን ወደ ደልዳላ መደብ ለውጠውታል፤ ለዚህ ግን ዓመታት ፈጅቷል። እርከን በዓመቱ ምርት ይጨምራል እያለ የሚሰብክ የልማት ሠራተኛ በሁለተኛው ዓመት የሚታመንበት ምክንያት አይኖርም። ከመጀመሪያው እውነቱን መናገር ይሻላል፤ እርከን ዛሬ ያስከፍላል፣ ነገ ይከፍላል።

ታዲያ እስከ ነገ ድረስ ገበሬው ምን ይብላ? እዚህ ላይ መልሱ ሣር ነው። በእርከኑ ጫፍ ላይ ደሾ ሣር፣ ትሪሉሰርን ወይም ሰስባኒያ የተተከለበት ቦታ የጠፋውን አንድ አምስተኛ በመኖ ይመልሳል። መኖው ላም ያጠባል፤ ወይፈን ያደልባል፤ የከብት መኖ በሚጠፋበት በሚያዝያና በግንቦት ለሽያጭም ይቀርባል። ሥሩ ደግሞ እርከኑን ያስራል። ደረቅ እርከን በሁለት ክረምት ሲናድ፣ ሣር የያዘው ከዓመት ዓመት እየጠነከረ ይሄዳል።

ሣሩ የሚቆየው ግን እህል ከተነሣ በኋላ ከብት በማሳ ላይ እንደ ልቡ ካልተለቀቀ ብቻ ነው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልቅ ግጦሽ በአንድ ሳምንት የሚያጠፋውን የስድሳ ቀን ዘመቻ አይሠራውም። አንድ ገበሬ ብቻውን ከብቱን ቢያስር ጎረቤቱ የርሱን ሣር ያስግጣል፤ ስለዚህ ማሰሩን ይተዋል። ይህን ሊፈታ የሚችል ሚኒስቴር የለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም አይፈታውም። በአንድ ንዑስ ተፋሰስ ያሉ ቤተሰቦች የሚስማሙበት የውስጥ ደንብ፣ ደንቡን ለጣሰ ቅጣት፣ ቅጣቱን የማይፈራና የማያዳላ የማኅበር መሪ ያስፈልጋል። የመሪው የራሱ ከብት ተለቆ ከታየ ደንቡ የዚያኑ ቀን ያበቃል።

ሌላው በውይይት የሚዘለለው ነገር ፈሰስ ነው። በደጋው ውኃ እንዳይተኛ በየማሳው የሚወጣው ፈሰስ ለአንዱ ማሳ መድኃኒት ሲሆን ለታችኛው ጎረቤት ጎርፍ ነው። የአሥር ማሳ ፈሰስ በአንድ ቦታ ሲገናኝ ቦረቦር ይከፍታል። ቦረቦሩ በየዓመቱ ወደ ላይ እየበላ ሄዶ ፈሰሱን ያወጣውን ሰው ማሳ ይደርሳል። ስለሆነም ሥራው ከላይ መጀመር አለበት። መጀመሪያ ጎርፍ መቀልበሻው፣ ቀጥሎ ሁሉም ማሳ የሚያፈስበት በሣር የተሸፈነ የጋራ መውረጃ፣ ከዚያ እርከኑ፣ በመጨረሻም በቦረቦሩ ውስጥ ክትር። በብዙ ቦታ የሚታየው ተቃራኒው ነው። ቦረቦሩ ከመንገድ ስለሚታይ ክትሩ መጀመሪያ ይሠራል፤ ጎርፉም በማግሥቱ ክረምት ጠርጎት ይሄዳል።

የአፈር መኮምጠጥም በዚሁ መጠቀስ አለበት። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲድ የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። ዝናብ የሚበዛባቸው የደቡብ ጎንደር ደጋዎችም ከዚህ ችግር ነፃ አይደሉም። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ማዳበሪያ ቢጨመር ሰብሉ የሚገባውን ያህል አይጠቀምበትም፤ ኖራ ያስፈልጋል። ኖራ ደግሞ ለአንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር ስለሆነ የማጓጓዣው ዋጋ ከራሱ ከኖራው ይከብዳል። በጋራ መኪና የሚከራይ ማኅበር ከሌለ አንድ ገበሬ ብቻውን አይወጣውም።

ጉናና ጓሳ

ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። በጫፉ ላይ ጓሳ ሣር፣ ጅብራና አስታ ይበቅላሉ። ይህ ሽፋን ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። መሬት የጠበበበት ወጣት ገብሱን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከብቱም አስታውን ሲረመርመው፣ ስፖንጁ ይቀደዳል። በክረምት ጎርፍ ይበዛል፤ በበጋ ምንጭ ይደርቃል። ወጣቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ የሚያርሰው ሌላ መሬት ቢኖረው ግን ውርጭ ከሚመታው ጫፍ ላይ ባልወጣ ነበር።

ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሰጠው በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ነው። የጓሳን ሜዳ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ «ቀሮ» በተባለ የራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ቆይቷል። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በስምምነት በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፤ ከተከፈተም በኋላ ሁሉም በደንቡ መሠረት ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቀሮ ቀረ፤ ሜዳውም ወደ ገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። ሣሩም ተጎዳ። አዋጁ ጭሰኝነትን ያስቀረ ትልቅ እርምጃ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ከአሮጌው ሥርዓት ጋር ጠቃሚውን የመዝጊያና የመክፈቻ ደንብ አብሮ ጠርጎታል። ኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው ደንቡን በአዲስ መልክ መለሱት፤ ጓሳም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆኖ በክልሉ ታወቀ። ጉናን በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ተስማምተው ካልጠበቁት፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በሚላክ ጥበቃ ብቻ ይቆያል ብሎ ማሰብ ያለፈውን መርሳት ነው።

ታችኛው ምን ያዋጣል?

ከጉና የሚወርደው አፈር የሚያርፍበት ቦታ ይታወቃል። በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ከ230 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ለመያዝና በፎገራ ሜዳ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሄክታር ለማልማት የታቀደ ነው። ግድብ ውኃ ብቻ አይዝም፤ ውኃው ተሸክሞ የመጣውን ደለል ሁሉ ይይዛል። ከግድቡ በታች ያለው ፎገራ በሩዝ የታወቀ ሜዳ ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያጋጠመው ከባድ ጎርፍ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሎ ነበር። ከዚያ በታች ጣና አለ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ከማሳ ታጥቦ ከሚገባው ለም አፈርና ማዳበሪያ የሚያገኘው ምግብ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ የገሳዩ ገበሬ ከማሳው አንድ አምስተኛውን ለእርከን ሲሰጥ የግድቡ ዕድሜ ይረዝማል፤ ፎገራም ከጎርፍ ይድናል፤ የጣና ዓሣ አጥማጅም ይተነፍሳል። ላይኛው በበጋ ጉልበቱን ያለ ክፍያ ያፈሳል። ታችኛው በመስኖ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለማምረት ይዘጋጃል። በዚህ መካከል ያለው ሚዛን ትክክል አይደለም። ለሃምሳ ዓመት የቆየው የእርከን ችግር ግማሹ የቴክኒክ ሳይሆን የዚህ ሚዛን መዛባት ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ለማቃናት የተሞከሩ መንገዶች አሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ቁልቁለቱን ማረስ ትቶ ዛፍና ሣር ለሚያለማ ገበሬ እህልና ገንዘብ መስጠት ጀመረች። የኒውዮርክ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በተደረገ ስምምነት፣ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የማጣሪያ ጣቢያ ከመሥራት ይልቅ የመጠጥ ውኃዋ በሚመነጭበት ተራራ የሚኖሩ ገበሬዎች መሬታቸውን በንጽሕና እንዲይዙ ወጪ ማውጣትን መርጣለች። ገንዘቡ የወጣው በደግነት ሳይሆን ስለሚያዋጣት ነው።

የእኛ አቅም የቻይና ወይም የኒውዮርክ አይደለም። ቢሆንም መነሻ የሚሆን ሕግ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 በመስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ማኅበር መሥርተው ለቦዩ አስተዳደርና ጥገና ከአባላት ክፍያ እንዲሰበስቡ ያስችላል። ከዚህ ክፍያ ጥቂቷ ለላይኛው ተፋሰስ የሣር ዘር፣ ለኖራ ማጓጓዣ ወይም ለችግኝ ጣቢያ ብትውል ለታችኛው ገበሬ የቦይ ጥገና ማለት ናት። ደለል ከቦይ ማውጣት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የፎገራና የፋርጣ የማኅበር መሪዎች በዚህ ጉዳይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቢነጋገሩ ከብዙ ወርክሾፕ የሚበልጥ ውጤት ይገኛል።

ሰላም ከሌለ ይህ ሁሉ እንደማይሆን ግልጽ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም የልማት ሠራተኛው በየቀበሌው እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ፣ ግብዓትም በወቅቱ እንዳይደርስ አድርጓል። በዚያው ዓመት የደረሰው የማዳበሪያ እጥረት ገበሬዎችን ለአቤቱታ እስከ ባሕር ዳር ማድረሱ አይዘነጋም። ነገር ግን ዝናቡ ሰላምን አይጠብቅም። የልማት ሠራተኛ ባልደረሰበት ቀበሌም ቢሆን አሥር ጎረቤታሞች በከብታቸውና በፈሰሳቸው ላይ ለመስማማት የማንንም ማኅተም አያስፈልጋቸውም።

የጥር ሥራ ከመጀመሩ በፊት በኅዳርና በታኅሣሥ በየማኅበሩ ስብሰባ መጠራቱ የተለመደ ነው። በዚያ ስብሰባ አዲስ ኪሎ ሜትር ከመመደቡ በፊት፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት የተሠራው እርከን በእግር ተዙሮ ይታይ። የቆመውና የፈረሰው በቃለ ጉባኤ ላይ ለየብቻው ይጻፍ፤ የፈረሰው በማን ማሳ፣ በምን ምክንያት እንደሆነም አብሮ ይስፈር። ከቆመው እርከን በላይ በኩል በየአምስት ሴንቲሜትሩ ምልክት የተደረገበት የአንድ ሜትር እንጨት ይተከልና በመስከረም አፈሩ የት ምልክት ላይ እንደደረሰ ይነበብ። እንጨቱ ወጪ የለውም። ላይኛው ገበሬ ከፎገራ ሰዎች ጋር ሲቀመጥ ይዞት የሚሄደው ማስረጃም ይኸው ነው።